አንደበትን የመመዘን ሥልጣን

ሰው ሌላውን ሰው ሲፈትን የሚያየው መልስን ነው፤ የሚፈርደው ግን ስለ ዕውቀት ነው። በመልስና በዕውቀት መካከል ያለውን ርቀት ፈታኙ በግምት ይሻገረዋል እንጂ በዐይኑ አያየውም። ችግሩ በማናቸውም የትምህርት ዓይነት የሚያጋጥም ቢሆንም በቋንቋ ፈተና ላይ ይብሳል፤ በሒሳብ ፈተና ቋንቋው መጠየቂያ፣ ሒሳቡ ተጠያቂ ሲሆን፣ በቋንቋ ፈተና ግን መጠየቂያውም የሚጠየቀውም ያው ቋንቋው ነውና። በዚያ ላይ አንደበት ከሰውዬው የትውልድ ስፍራ፣ ከአስተዳደጉና ከወገኑ ተለይቶ የሚቆም ነገር ስላልሆነ፣ «ይህ ሰው ቋንቋውን ምን ያህል ያውቃል?» ተብሎ የተጀመረው ጥያቄ ብዙ ሳይርቅ «ይህ ሰው ከማን ወገን ነው?» ወደሚል ይለወጣል። የቋንቋ ፈተና ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መቀላቀል ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን መቀላቀል አስቀድመው ተገንዝበው ዕድሜ ልካቸውን ከመረመሩት ምሁራን አንዱ በርናርድ ስፖልስኪ ነበሩ። ስፖልስኪ በ1932 በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ በ1966 አገኙ፤ በአሜሪካ በኢንዲያናና በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲዎች ካስተማሩ በኋላ በ1980 ወደ እስራኤል አቅንተው በባር-ኢላን ዩኒቨርሲቲ እስከ ጡረታ አገለገሉ፤ በ2022 አረፉ። የሥራቸው ማኅደር ሰፊ ነው፤ ቋንቋና ኅብረተሰብ፣ የቋንቋ ፖሊሲ፣ የኢየሩሳሌም ልሳናት፣ የሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት ሁሉ ይገኙበታል። በፈተና መስክ ያለፉበት መንገድ ግን ከሁሉም ይልቅ ሊጤን ይገባዋል፤ ፈተና አዘጋጅ ሆነው ጀመሩ፣ የፈተና ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ፣ በመጨረሻም ፈተና የማዘጋጀትን ሥልጣን ራሱን መመርመር ያዙ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በኢንዲያና ሳሉ የገጠማቸው ጥያቄ ለማንኛውም የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የተለመደ ነበር፤ ከውጭ አገር የመጣው ተማሪ እንግሊዝኛው ለትምህርቱ ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም? በዘመኑ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረ። ቀደም ሲል በሚሺጋን ያስተምሩ የነበሩት ሮበርት ላዶ በ1961 ባሳተሙት የቋንቋ ፈተና መጽሐፍ ቋንቋ ወደ ድምፅ፣ ወደ ቃላትና ወደ ሰዋስው ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው ሊጠየቅ እንደሚችል፣ በተለይም የተማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ ከሚማረው ቋንቋ የሚለይባቸው ነጥቦች መፈተን እንዳለባቸው አስተምረው ነበር። በዚህ ዘዴ፣ ነጣጣይ ፈተና ብለን ልንጠራው በምንችለው፣ ተማሪው ከአራት አማራጮች አንዱን ይመርጣል፣ ትክክለኛዎቹ ይደመራሉ፣ ድምሩ የቋንቋ ችሎታው ነው ይባላል።

ስፖልስኪ በዚህ አልረኩም። በ1968 ገደማ ያነሡት ጥያቄ አጭር ነው፤ ለመሆኑ ቋንቋ ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው? ሰው ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ሳይስት እየመለሰ ንግግሩ ሊሰበርበት፣ ሌላው ደግሞ ብዙ ቅንጣት እየሳተ ሐሳቡን አሳምሮ ሊያስረዳ እንደሚችል ማንኛውም መምህር ያውቃል። ስለዚህ ጠቅላላ ችሎታ የሚባል፣ ከቅንጣቶቹ ድምር የሚበልጥ ነገር መኖር አለበት። ይህን ለመያዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሞከሩት ዘዴ ከመገናኛ ምሕንድስና የተወሰደ ነበር። ክሎድ ሻነን በ1948 እንዳሳዩት ማንኛውም መልእክት ለመረዳት ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይህ ትርፍ መረጃ የሚያገለግለው ከመልእክቱ ጥቂቱ ቢጠፋ እንኳ ሰሚው የጎደለውን ሞልቶ እንዲረዳ ነው። ስፖልስኪና ባልደረቦቻቸው በቴፕ የተቀረጹ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ሆን ብለው ጫጫታ እየጨመሩ ለተፈታኞች አሰሙ፤ የሰሙትንም እንዲጽፉ አደረጉ። ጫጫታ በሌለበት ጊዜ ባለቋንቋውና ጎበዙ ተማሪ እምብዛም አይለያዩም ነበር። ጫጫታው ሲጨመር ግን ባለቋንቋው ያልሰማውን ከሰማው እያገናኘ ሲሞላ፣ ተማሪው የሚሞላበት ስለሚያጣ ይወድቃል።

ሙከራው ፈተና ሆኖ በሰፊው አልተሠራበትም፤ ፍልስፍናዊ ፍሬው ግን እስከ ዛሬ የሚቆጠር ነው። ቋንቋ ማወቅ የተነገረውን መስማት ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውን መጠበቅ መሆኑን አሳየ። ሰው በቋንቋው ውስጥ የሚኖረው የጎደለውን እየሞላ ነው፤ በገበያ ግርግር፣ በለቅሶ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ ከሚነገረው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ሙሉውን ይረዳል። ይህ ከሆነ ደግሞ ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ በተስተካከለ ወረቀት ላይ፣ አንድ ቅንጣት ብቻ ነጥሎ የሚጠይቅ ፈተና የሚለካው ቋንቋ በተፈጥሮው የማይገኝበትን ሁኔታ ነው ማለት ነው።

በ1970ዎቹ ስፖልስኪ የመስኩን ታሪክ በሦስት ዘመን ከፍለው አቀረቡ። የመጀመሪያው ሳይንስ ያልገባበት ነው፤ ሊቁ የተማሪውን ድርሰት ያነባል ወይም ንግግሩን ይሰማል፣ በራሱ ማስተዋል ይፈርዳል። ሁለተኛው የመለኪያ ጠበብትና የቋንቋ ሊቃውንት የተጋቡበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አስተማማኝነትን ማለትም ያው ተፈታኝ ደግሞ ቢፈተን ተቀራራቢ ውጤት የማግኘቱን ነገር ፈለጉ፣ ሁለተኞቹ ቋንቋን በክፍልፋይ ሰጧቸው፣ የምርጫ ጥያቄም ነገሠ። ሦስተኛው ቋንቋን ከነአገልግሎቱና ከነኅብረተሰቡ አዋሕዶ ለመፈተን የሚጣጣረው ነው። ክፍፍሉ ዘመን ቆጠራ ብቻ አልነበረም፤ ስፖልስኪ ራሳቸው እንደተገነዘቡት ሦስቱም በየትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የአማርኛ አንባቢ ለመጀመሪያው ዘመን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ይማራል፤ ይህ የቅንጣት ዕውቀት ነው። የሚመዘነው ግን ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩና በጉባኤው ፊት ሲያቀርብ ነው። ሰዋስው፣ ዜማ፣ ምሥጢርና ታሪክ በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ መምህሩ ያርማል፣ ይመልሳል ወይም ያሳልፋል። የኋለኞቹ ምሁራን አዋሃጅ ፈተና ብለው የደከሙለት ነገር በዚህ ቤት ከጥንት የኖረ ነው። ድካሙም አብሮት ኖሯል፤ ፍርዱ በአንድ ሊቅ ጆሮ ላይ ያረፈ ነውና።

የሊቅ ጆሮ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል በቁጥር ያሳዩት የአየርላንድ ተወላጁ የምጣኔ ሀብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ ናቸው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ባሳተሙት ጥናት አንድ የላቲን ድርሰት ለ28 ብቁ ፈታኞች ቀርቦ የሰጡት ነጥብ እጅግ የተራራቀ ሆኖ መገኘቱን ገለጹ፤ ተፈታኙ ያለፈው በችሎታው ይሁን ያ ወረቀት በዚያ ፈታኝ እጅ በመግባቱ ማወቅ አዳጋች ሆነ። ስፖልስኪ ይህን ግኝት የመስኩ መነሻ አድርገው ያዩታል፤ በ1995 ኦክስፎርድ ባሳተመላቸውና በስፋቱ ተወዳዳሪ በሌለው የቋንቋ ፈተና ታሪካቸው ውስጥ ከኤጅዎርዝ በኋላ የመጣው መቶ ዓመት ያን የማይቀር ጥርጣሬ ለማጥፋት የተደረገ ጥረት መሆኑን ተረኩ። ጥርጣሬው አልጠፋም፤ ፈታኞች እንዲስማሙ ሲባል የሚፈተነው ነገር ጠበበ እንጂ።

ቶፍል የተባለው የውጭ አገር ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና አመጣጥ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። በ1961 በዋሽንግተን በተደረገ ጉባኤ የሥነ ልቡና ሊቁ ጆን ካሮል ነጣጣይ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ተፈታኙ ቋንቋውን በሙሉ ኃይሉ ሲጠቀም መታየት እንዳለበት ተከራክረው ነበር። ሐሳቡን የሚያጣጥል ሊቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ቶፍል የምርጫ ፈተና ሆኖ ወጣ፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ ያለ ተፈታኝን አንድ በአንድ ማናገርና ድርሰቱን ማረም ገንዘብም ጊዜም የሚበላ ነበር። የድርሰት ክፍል ለመታየት እስከ 1986 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ መናገር የፈተናው መደበኛ አካል የሆነው በ2005 ነው። ስፖልስኪ ከዚህ የደረሱበት ፍርድ ለመስኩ ባለሙያዎች የሚጎረብጥ ነበር፤ የቋንቋ ፈተና ቅርጹን ያገኘው ከቋንቋ ዕውቀት ይልቅ ከተቋማት ፍላጎትና ከወጪ ሒሳብ ነው። ለአርባ ዓመታት ገደማ በአዲስ አበባም ሆነ በካይሮ ቶፍል የተፈተነ ወጣት አፉን ሳይከፍት እንግሊዝኛ ያውቃል ወይም አያውቅም ተብሏል።

ይህ የተቋም ምቾት ነው፤ ከዚህ የከፋው ተቋሙ ፈተናን ለማጥሪያ ሲፈልገው የሚሆነው ነው። የዚህ ጥንታዊ ምሳሌ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ይገኛል፤ የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ አንዲት ቃል እያስጠሩ፣ «ሺ»ን «ሲ» ያለውን ኤፍሬማዊ ገደሉ፤ የሞቱትም 42,000 እንደነበሩ ተጽፏል። ስፖልስኪና የዘመን ጓደኞቻቸው ወደዚህ ታሪክ ደጋግመው የሚመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በመለኪያ ጠበብት ዐይን ብናየው ፈተናው አስተማማኝ ነው፤ አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ፈታኞቹም አይለያዩም። ጥፋቱ በልኬቱ ትክክልነት ላይ ሳይሆን በልኬቱ ዓላማ ላይ ነው፤ ስለዚህም ጥፋቱን የቱንም ያህል የረቀቀ ስታቲስቲክስ አያጋልጠውም።

ዘመናዊው ዓለምም የራሱን ዮርዳኖስ ሠርቷል። ስፖልስኪ የተወለዱባት ኒውዚላንድ በ1899 ባወጣችው ሕግ ከብሪታንያ ወይም ከአየርላንድ ዘር ያልሆነ ሰው በአውሮፓ ቋንቋ ማመልከቻ ካልሞላ እንዳይገባ ከለከለች። አውስትራሊያ በ1901 በባሰ መንገድ ተከተለች፤ መጤው በማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት ያህል ሲነበብለት ሳይሳሳት እንዲጽፍ ይጠየቅ ነበር፤ ቋንቋውን የሚመርጠው ግን ተፈታኙ ሳይሆን የወደብ ሹሙ ነበር። በ1934 ፋሺዝምን ለመቃወም ወደዚያ የተጓዘው፣ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋ የሚያውቀው የፕራግ ተወላጅ ጋዜጠኛ ኢጎን ኪሽ በስኮትላንድ ጌይሊክ ተፈትኖ ወደቀ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጌይሊክ በሕጉ የታሰበው ዓይነት የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም ብሎ ሻረው። ፈተናው እስከ 1958 በሕግ ጸንቶ ቆየ። ማንም ተፈታኝ እንዳያልፍበት ተብሎ የሚሰጥ ፈተና ፈተና ይባላልን? ቅርጹ ፈተና ነው፤ ሥራው ግን አስቀድሞ የተወሰነን ውሳኔ በዕውቀት ስም ማልበስ ነው።

ይህ ዛሬም ያለፈ ታሪክ አይደለም። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ከየት አገር እንደመጣ በአነጋገሩ ለመለየት የአውሮፓ መንግሥታት የቋንቋ ምርመራ ያካሂዳሉ፤ የተለያዩ አገሮች የቋንቋ ሊቃውንት በ2004 መመሪያ አውጥተው ቋንቋ የሚያሳየው ሰው ያደገበትን ማኅበረሰብ እንጂ ዜግነቱን አለመሆኑን ለማስገንዘብ የተገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በአማርኛ ያደገ ኤርትራዊ፣ ወይም ድንበሩ ከመሰመሩ በፊት ጀምሮ ትግርኛን የሚጋሩ የመረብ ወዲህና ወዲያ ሰዎች፣ ለዚህ ጉዳይ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሆኖም ስፖልስኪን ፈተናን በጅምላ እንዳወገዙ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል፤ እዚህ ላይ ሚዛናዊነት ያስፈልጋል። ፈተና ባልነበረበት ዘመን ሹመትና የትምህርት ዕድል የሚሰጠው በዘር፣ በዝምድናና በእጅ መንሻ ነበር። የቻይና ነገሥታት እስከ 1905 ድረስ ያቆዩት የሹማምንት ፈተና አውሮፓውያንን የማረከው የድሃውን ልጅ ከመኳንንቱ ልጅ ጋር በአንድ አዳራሽ ስላስቀመጠ ነው። ስሙ ተሸፍኖ የሚታረም ወረቀት ለባለ ዘመድ ሳይሆን ለዘመድ አልባው ይጠቅማል። ይህን በጎነት የዘነጋ የፈተና ትችት ሳያውቀው የድሮውን አድልዎ ይጋብዛል። ስፖልስኪም ይህን በመረዳት ፈተና ይጥፋ አላሉም፤ በ1980ዎቹ መግቢያ ስለ ሙያው ሥነ ምግባር ሲጽፉ የጠየቁት ፈተና እንደ መድኃኒት በጥንቃቄ እንዲወሰድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ነበር። አንድ ቁጥር ብቻውን የሰውን ዕጣ እንዳይወስን፣ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ የተገኘ ማስረጃ እንዲቀርብ፣ ውጤቱን የሚቀበለው አካልም የጥርጣሬውን መጠን እንዲያውቅ መከሩ።

ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው መርሕ ግን ቀላል አይደለም። በማንኛውም ፈተና ውስጥ ጥርጣሬ መኖሩ የታወቀ ከሆነ፣ ያ ጥርጣሬ በአንደኛው ወገን ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም። በተለመደው አሠራር የሚሸከመው ተፈታኙ ነው፤ የማለፊያው ነጥብ 50 ከሆነና እርሱ 49 ካመጣ፣ የአንዱ ነጥብ ልዩነት ከልኬቱ ስሕተት ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ባለሙያው ሁሉ እያወቀ፣ ወጣቱ ወደቀ ተብሎ ይሸኛል። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይተረጎማል፤ በፈተና አዳራሽ ለፈታኙ የሚተረጎምበት አጥጋቢ ምክንያት እስካሁን አልቀረበም። የስፖልስኪ ሥራ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

እርሳቸው ራሳቸው ሥልጣኑን እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሞከሩ በኒው ሜክሲኮ የሠሩት የናቫሆ የንባብ ጥናት ያሳያል። ናቫሆዎች በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ልጆቻቸው ለብዙ አሠርት ዓመታት የተማሩት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፣ ሲወድቁም ጉድለቱ የልጁ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስፖልስኪና ባልደረቦቻቸው በ1969 ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገሩ መምህራኑን በመጠየቅ መረመሩ፤ አብዛኞቹ ናቫሆኛ ብቻ ወይም ከናቫሆኛ ጋር ለአንደኛ ክፍል የማይበቃ ጥቂት እንግሊዝኛ ይዘው እንደሚመጡ ተረጋገጠ። ልብ ሊባል የሚገባው የመጠይቁ አቅጣጫ ነው። ልጁ ለትምህርት ቤቱ ይበቃል ወይ የሚለው ቀርቶ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ይበቃል ወይ ተባለ፤ ከዚያም በናቫሆኛ ማንበብ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ማዘጋጀት ተከተለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስፖልስኪ ወደዚሁ ጉዳይ ሲመለሱ ሁኔታው ተገልብጦ፣ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጆች በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነው አገኙት። ምርመራ ቋንቋን ከመጥፋት አያድንም፤ ማን ምን እንዳጣ ግን ይመሰክራል።

የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ለአማርኛ ተናጋሪው ቅርብ በሆነ ስፍራም ታይቷል። ስፖልስኪ ከታማር ሌቪንና ከኢላና ሾሃሚ ጋር በ2003 ለእስራኤል ትምህርት ሚኒስቴር ባቀረቡት ጥናት ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች በትምህርት ቤት ያላቸው ውጤት ተመረመረ። ልጆቹ በዕብራይስጥና በሒሳብ ከአገሬው ልጆች ጋር ለመስተካከል ረጅም ዓመታት፣ ለብዙዎቹም አሥር ዓመት ገደማ እንደሚፈጅባቸው፣ ከኢትዮጵያ የሄዱት ደግሞ ከሌሎቹም ይልቅ እንደሚቸገሩ ታየ። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ይለምዱታል የሚለው የአስተዳዳሪዎች ግምት መሠረት አጣ። ከዚያም በላይ የሒሳብ ጥያቄ በሩስያኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ተጽፎ ሲቀርብላቸው ሩስያኛ ተናጋሪዎቹ በዕብራይስጥ ብቻ ከተጠየቁት ጓደኞቻቸው የተሻለ ውጤት አመጡ። የልጆቹ የሒሳብ ዕውቀት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጠየቂያው ነው። ስለዚህ ቀድሞ «ሒሳብ አይችሉም» ተብሎ የተመዘገበው ቁጥር ተገቢነት አልነበረውም፤ ተገቢነት ማለት ፈተናው የሚለካው እለካለሁ ያለውን ነገር መሆኑ ነውና። ሾሃሚ በ2001 ስለ ፈተና ኃያልነት በጻፉት መጽሐፍ ፈተና የመንግሥት የቋንቋ ፖሊሲ በስውር የሚፈጸምበት መሣሪያ እንደሆነ ያስረዱት ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ራሷ ጉዳዩ የጥቂት መጤዎች ሳይሆን የአገር ሙሉ ወጣት ጉዳይ ነው። እንደየክልሉ ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ፊዚክስም፣ ባዮሎጂም፣ ታሪክም የሚጠየቁት በዚሁ ቋንቋ ነው። ከከተማ የግል ትምህርት ቤት የመጣው ልጅና መምህሩ ራሱ በእንግሊዝኛ የሚቸገርበት የገጠር ልጅ አንድ ዓይነት የፊዚክስ ወረቀት ይቀበላሉ፤ የሚፈተኑት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ውጤቱ ሲወጣ የሚነሣው ሙግት ስለ ኩረጃ፣ ስለ ተማሪው ስንፍናና ስለ መምህራን ድክመት ነው፤ ከወደቁት መካከል ስንቱ ፊዚክስ ስላላወቀ፣ ስንቱ ደግሞ ጥያቄው ስላልገባው እንደወደቀ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። እንግሊዝኛ ለከፍተኛ ትምህርት ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተን። በሌሎቹ ትምህርቶች ግን ጥያቄውን በእንግሊዝኛና ተማሪው አንደኛ ደረጃን በተማረበት ቋንቋ ጎን ለጎን አትሞ በጥቂት ትምህርት ቤቶች መሞከርና የሁለቱን ውጤት አነጻጽሮ ለሕዝብ መግለጽ ከባድ ሥራ አይደለም። ፈተናውን የሚያዘጋጁትና ውጤቱን ተቀብለው የልጆችን ዕጣ የሚወስኑት ክፍሎች ይህን ሙከራ ሊያደርጉት ይገባል።